የኮምፕሬሰር ሴፍቲ ቫልቭና ታንክ አያያዝ፦ ለጎሚስታ፣ ለጋራዥና ለእንጨት ሥራ ቤቶች

200 ሊትር ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር 8 ባር ላይ ሲደርስ በውስጡ የታመቀው አየር በአንዴ ቢለቀቅ 200 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ያወጣል። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 20 ሜትር ያህል ሽቅብ ለማንሳት ይበቃል። ጎማ ስንነፋ፣ በር ስንቀባ፣ ሞተር ስናጸዳ ይህንኑ ጉልበት ቀስ እያልን እንጠቀምበታለን። ታንኩ ከተቀደደ ግን ቀስ የሚል ነገር የለም።

ይህን ጉልበት የሚይዙት ጥቂት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ፕሬዠር ስዊች አለ፣ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ አለ፣ ከታች ውሃ የሚወጣበት ድሬን አለ፣ ሌላው ሁሉ ሲከዳ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ አለ። ከሁሉም ሴፍቲ ቫልቩን ለየት የሚያደርገው መበላሸቱን አለመናገሩ ነው። ስዊች ሲበላሽ ሞተሩ አልነሳም ወይም አልቆም ይላል፤ ቺንጋ ሲላላ ይጮኻል፤ ጌጅ ሲሰበር ጠቋሚው ባለበት ይቀራል። በዝገት የተጣበቀ ሴፍቲ ቫልቭ ግን ከደህናው አይለይም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እውነቱ የሚታወቀው ስዊቹ ከድቶ ግፊቱ ሲያልፍ ነው፣ ያኔ ደግሞ ለመማር ጊዜ የለም። ስለዚህ ቀኑ ሳይመጣ እኛው እየሄድን ልንፈትሸው ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በብዛት በየሠፈሩ ለምናየው ባለ ፒስቶን ኮምፕሬሰር፣ ከ50 እስከ 500 ሊትር ታንክ ላለው ነው። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ካላችሁና ከዚህ የተለየ ካዘዘ መጽሐፉን ተከተሉ።

ከሁሉም በፊት ሦስት ቁጥሮች

ታንኩ ላይ አንድ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ብዙ ጊዜ በአቧራና በቀለም ስለምትሸፈን የለችም ተብሎ ይታለፋል። በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ጥረጓት፤ በብረት ብሩሽ ግን አትፋቋት፣ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። ከሰሌዳዋ ላይ የምትፈልጉት ታንኩ የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ሴፍቲ ቫልቩ አካል ላይ የተቀረጸው የመክፈቻ ግፊት ነው። ሦስተኛው ስዊቹ ሞተሩን የሚያቆምበት ግፊት ነው፤ እሱ የትም አልተጻፈም፣ ማሽኑን አስነስታችሁ ጌጁን እያያችሁ የምታገኙት ነው።

ሦስቱ በቅደም ተከተል መቀመጥ አለባቸው፦ ስዊቹ ከሁሉም ዝቅ ይላል፣ ቫልቩ ከስዊቹ ከፍ ይላል፣ ታንኩ ደግሞ ከቫልቩ እኩል ወይም በላይ ይችላል። ለምሳሌ ታንኩ 10 ባር ከሆነ ቫልቩ 10 ወይም ከዚያ በታች፣ ስዊቹ 8 ላይ የሚያቆም ቢሆን ጥሩ ነው። በስዊቹና በቫልቩ መካከል ቢያንስ 10 በመቶ ክፍተት ተዉ። ሁለቱ በጣም ከተቀራረቡ ቫልቩ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይተነፍስና መቀመጫው ቶሎ ይበላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በመለኪያው ነው። ገበያችን ላይ ያሉት ማሽኖች ከተለያየ አገር ስለሚመጡ አንዱ በባር፣ አንዱ በፒኤስአይ፣ ሌላው በሜጋፓስካል ይጽፋል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ 8 ባር 116፣ 10 ባር ደግሞ 145 ፒኤስአይ ይሆናል። ከቻይና በሚመጡት ላይ 0.8 ሜጋፓስካል ተብሎ ከተጻፈ 8 ባር ማለት ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ወደ አንድ መለኪያ ለውጡና ታንኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በጉልህ ጻፏቸው።

ሰሌዳ የሌለው ታንክስ? ከጭነት መኪና የተፈታ የአየር ታንክ ወይም አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ላይ ቱቦ በይዶ ኮምፕሬሰር ማድረግ የተለመደ ነው። ያንን ታንክ ስንት ባር እንደሚችል የሠራው በያጁም ሊነግራችሁ አይችልም፣ ምክንያቱም ብየዳው ራሱ ብረቱን ለውጦታል። ጥሩ ሴፍቲ ቫልቭ ብትገጥሙለት እንኳ ቫልቩን ስንት ላይ እንደምታደርጉት መነሻ የላችሁም። እንዲህ ያለውን ታንክ ለማዳን ከመድከም የሞተሩን ክፍል ይዞ ታንኩን መለወጥ ይሻላል።

በየቀኑ፦ ውሃውን ማውጣት

አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው እርጥበት ውሃ ይሆናል። በደቂቃ 300 ሊትር አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በክረምት እርጥብ ቀን ያለማቋረጥ ቢሠራ በሰዓት ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ውሃ ታንኩ ውስጥ ይተዋል። ውሃው ከታች ይተኛል፤ ብረቱን ከውስጥ የሚበላውም እዚያው ነው። የታንክ ፍንዳታ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ግፊት ማለፉን ነው፤ ነገር ግን ግፊቱ እንደወትሮው ሆኖ ብረቱ ስለሳሳ የሚቀደድ ታንክም አለ። ያን ጊዜ ሴፍቲ ቫልቩ ደህና ቢሆንም አያድንም፣ ምክንያቱም የሚከፈትበት ግፊት ላይ ገና አልተደረሰም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ማሽኑን አጥፉ፤ ከሶኬት ንቀሉ ወይም ብሬከሩን አውርዱ። ግፊቱን በአየር ሽጉጡ ወይም በመንፊያው ወደ 1 ወይም 2 ባር አውርዱት። ከዚያ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ የድሬኑን ቧንቧ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፤ ውሃው አልቆ ደረቅ አየር እስኪወጣ ጠብቁ። ሙሉ 8 ባር እያለ ተንበርክኮ ድሬን የሚከፍት ሰው ዝገትና አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ታንኩ ባዶ ከሆነ በኋላ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ ማደር ይቻላል፤ እንዲያውም ይመረጣል።

የሚወጣውን ውሃ እዩት። ወተት መስሎ ከወጣ ዘይት አለው፣ የፒስተኑ ቀለበት እየደከመ ሊሆን ይችላል። ቀላ ካለ ዝገት ጀምሯል። የዝገት ቅርፊት ከወጣ ወይም ቧንቧው በዝገት ተደፍኖ ምንም አልወጣም ካለ፣ ስለ ታንኩ የተጻፈውን ሳታነቡ ማሽኑን አታስነሱ።

በየሳምንቱ፦ ጌጁና ስዊቹ

ታንኩ ባዶ ሲሆን ጠቋሚው ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት። ባዶ ታንክ ላይ 1 ባር የሚያሳይ ጌጅ ይለወጣል፤ “አንድ ቀንሰህ አንብብ” የሚባል ነገር ለሳምንት ይሠራ ይሆናል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ግን ይረሳል። ስትገዙ 8 ባር ለምትሠሩበት እስከ 16 ባር የሚያሳይ ውሰዱ፤ ሥራው የጌጁ መሀል ላይ ሲውል ንባቡም ይታመናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። መስታወቱ ላይ የታንኩን ከፍተኛ ግፊት በቀይ ቀለም አስምሩ።

ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ ጌጅ 8 ላይም ትክክል ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሌላ ጥሩ ጌጅ በፈጣን መግጠሚያው በኩል አስገብታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። የተወሰነ ሥራ ላለው ድርጅት አንድ ጌጅ በተቋም አስለክቶ ካሊብሬት አስደርጎ ለማነጻጸሪያ ብቻ ማስቀመጥ ወጪው ብዙ አይደለም።

ስዊቹን ለመፈተሽ ማሽኑን ከባዶ አስነሱና አንድ ሙሉ ዙር ተከታተሉ። ስንት ላይ ቆመ? ሲቆም ከጎኑ “ጭስ” የሚል አጭር የአየር ድምፅ ተሰማ? ያ ድምፅ ከፒስተኑ ራስ ላይ የቀረውን ግፊት ሲለቅ ነው፤ ካልተሰማ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ከነጭነቱ ይነሳል፣ ይንቋቋል፣ ይቃጠላልም። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ድምፁ የማይቋረጥ ከሆነ የታንኩ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ አልዘጋም። ከዚያ አየር እየለቀቃችሁ ስንት ላይ ተመልሶ እንደተነሳ አንብቡ፤ 8 ላይ የሚቆም ብዙውን ጊዜ 6 ገደማ ላይ ይነሳል።

ባለፈው ሳምንት 8 ላይ የቆመ ዛሬ 8.6 ላይ ከቆመ፣ ስዊቹ እየከዳ ነው። የከፋው ብልሽት የውስጥ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦቹ ተቃጥለው መጣበቃቸው ነው፣ በተለይ መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ። ነጥቦቹ ከተጣበቁ ሞተሩ የሚቆምበት ምክንያት የለውም። ያን ጊዜ የቀረው ሴፍቲ ቫልቩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ጊዜ ዘግይቶ ታንኩ ቢሞላ ማሽኑ ደክሟል ማለት አይደለም። “አቅም አጣ” ብሎ የስዊቹን ቡሎን አጥብቆ ግፊቱን ከፍ ማድረግ መድኃኒቱ አይደለም፤ ተጨማሪ አየር ካስፈለገ ትልቅ ኮምፕሬሰር ነው የሚያስፈልገው።

በየወሩ፦ ሴፍቲ ቫልቩን መክፈት

ቫልቩ ከውስጥ አንድ ስፕሪንግ፣ አንድ መዝጊያና አንድ መቀመጫ ነው። ስፕሪንጉ መዝጊያውን ወደ መቀመጫው ይጫናል፣ የታንኩ አየር ከታች ይገፋል፤ አየሩ ሲበረታ ይከፈታል። ከላይ ያለው ቀለበት ወይም ማንሻ ስፕሪንጉን በእጅ ለማገዝ የተቀመጠ ነው። የእንጨት ቤት ዱቄት፣ የቀለም ብናኝ፣ የዘይት ጭጋግና ዝገት በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል ገብተው ሲደርቁ ግን እንደ ሙጫ ይይዛሉ። በአቧራማ ቤት ወር አይብዛ፤ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ያለ ማሽን ደግሞ መጽሐፉ ከፈቀደ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ይደረጋል፦

1. መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ድምፁ ከምትጠብቁት በላይ ነው፤ ሳይነገራቸው አጠገብ ያሉ ሠራተኞች ደንግጠው መጋዝ ላይ እጃቸው ሊሄድ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

2. ታንኩን ቫልቩ ከሚከፈትበት ግፊት 75 በመቶ በላይ ሙሉት። ለ10 ባር ቫልቭ 7.5 ወይም 8 ባር ማለት ነው። በባዶ ታንክ ቀለበቱን መሳብ ጥቅም የለውም፤ ከታች የሚያግዝ አየር ስለሌለ ስፕሪንጉን ብቻ ትታገላላችሁ፣ ቆሻሻውንም የሚጠርግ ነገር አይኖርም።

3. አየሩ ከሚወጣበት አቅጣጫ ውጭ፣ ከጎን ቁሙ። ፊታችሁን ከቫልቩ በላይ አታድርጉ።

4. ቀለበቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ጠንካራ የአየር ፍንጥቅታ መውጣት አለበት። ልቀቁት።

5. ሲለቀቅ ወዲያው ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት። ትንሽ ከተነፈሰ አንድ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ በኃይል ክፈቱት፤ መቀመጫው ላይ የቀረ ቆሻሻ ካለ ይጠረጋል። ከዚያም ካልዘጋ ቫልቩ ይለወጣል።

ቀለበቱ አልንቀሳቀስም ካለ በፒንሳ አትጎትቱት፣ በመዶሻ አትምቱት፣ ዘይት አትርጩበት። ዘይቱ ዛሬ ያላቅቀዋል፣ ነገ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ያጣብቀዋል። ማሽኑን አጥፉ፣ አየሩን በሌላ በኩል ጨርሱ፣ አዲስ ግጠሙ።

ይህ ፍተሻ ምን እንዳረጋገጠ በትክክል ይታወቅ። ቫልቩ መንቀሳቀሱን አይተናል። በተጻፈበት ግፊት ራሱ መከፈቱን ግን አላየንም፤ ስፕሪንግ በጊዜ ብዛት ይደክማል፣ መቀመጫም ይጣበቃል። ያንን ለማወቅ ቫልቩ ተፈትቶ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ፣ በተለካ ጌጅ፣ በእጅ ፓምፕ ቀስ እየተጫነ ይታያል። ለትልቅ ፋብሪካ ውድ ቫልቮች ይህ በየዓመቱ የሚደረግ ነው። ለትንሽ ኮምፕሬሰር የምትገጠመው ግማሽ ኢንች የነሐስ ቫልቭ ግን ለማስፈተሽ የሚወጣው ገንዘብ ከአዲሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እኔ ብሆን እሷን አላስጠግንም፤ ጊዜዋን ጠብቄ በአዲስ እለውጣታለሁ።

ቫልቩ ሲያፈስ የሚደረገውና የማይደረገው

ቫልቭ አየር እያፈሰሰ ሲያስቸግር ዕለቱን “የሚያስተካክሉ” ዘዴዎች አሉ፣ ሁሉም አደገኛ ናቸው። አናቱን በመፍቻ ማጥበቅ የመክፈቻውን ግፊት ወዳልታወቀ ቁጥር ይወስደዋል፤ አምራቹ በእርሳስ ብረት ማኅተም ያሸገው ይህ እንዳይደረግ ነው። ፈትቶ በቡሎን መድፈን ታንኩን ያለ ምንም መከላከያ ያስቀረዋል። ቀለበቱን በሽቦ ማሰር፣ ማሽኑ ሲቀባ ቫልቩንም አብሮ መቀባት፣ አየር መውጫውን በጨርቅ መጠቅጠቅ፣ ስማቸው ይለያይ እንጂ ውጤታቸው አንድ ነው።

ከሁሉም የሚያታልለው በታንኩና በሴፍቲ ቫልቩ መካከል መዝጊያ ቧንቧ መግጠም ነው። “ቫልቩን ለመለወጥ ታንኩን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም” ተብሎ ስለሚደረግ ብልህነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ሂውስተን፣ ቴክሳስ በሚገኘው የጉድይር ፋብሪካ የሆነው ይህ ነው። የአሞኒያ ሙቀት መለዋወጫ ላይ ከሴፍቲ ቫልቩ በፊት ያለውን መዝጊያ ለጥገና ዘጉት፤ ጥገናው አለቀ፣ መዝጊያው ግን ሳይከፈት ቀረ። በማግሥቱ ለማጽዳት እንፋሎት ሲለቀቅ ውስጥ የነበረው አሞኒያ ሞቀ፣ መውጫ አጣ፣ ዕቃው ፈነዳ፣ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። ቫልቩ ምንም እንከን አልነበረበትም። የአሠራር ሥርዓትና ቁልፍ ባለው ትልቅ ፋብሪካ ይህ ከሆነ፣ እንደልብ በሚከፈትና በሚዘጋ የውሃ ቧንቧ ጎሚስታ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

አዲስ ስትገጥሙ ታንኩን ባዶ አድርጉ፤ ጌጁ ዜሮ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም፣ ድሬኑን ከፍታችሁ አየር አለመኖሩን አረጋግጡ። መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ ስትገዙ የመክፈቻ ግፊቱ አካሉ ላይ የተቀረጸ፣ ማኅተሙ ያልተነካ ይሁን። ሻጩ “በፈለግከው አስተካክልልሃለሁ” ካለ እዚያው ተዉለት። ግፊቱ መግጠሙ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ማነስ የለበትም፤ ቫልቩ ኮምፕሬሰሩ የሚያመርተውን አየር በሙሉ ማስወጣት አለበት፣ ያለዚያ ተከፍቶም ግፊቱ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የግማሽ ኢንች ቀዳዳ ላይ በማጥበቢያ ሩብ ኢንች ቫልቭ አትግጠሙ። ቴፍሎኑን ስትጠቀልሉ የመጀመሪያውን ጥርስ ተዉት፤ የተበጠሰ ቴፍሎን መቀመጫው ላይ ገብቶ አዲሱን ቫልቭ በመጀመሪያው ቀን ሊያስፈስሰው ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ታንኩ ላይ ራሱ ይገጠም፣ የሚተነፍስበት አቅጣጫ ሰው የሚቆምበት አይሁን። ከገጠማችሁ በኋላ የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ እዩ።

በየዓመቱ፦ ታንኩ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2017 ዓርብ ዕለት፣ ሴንት ሉዊስ ሚዙሪ በሚገኝ የካርቶን ፋብሪካ የእንፋሎት ውሃ ታንክ ከታች ሲያፈስ ታየ። ሥራው ቀጠለ፤ ጥገናው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ በዝገት የሳሳው የታንኩ ወለል ተቀደደ፤ ታንኩ ጣራ ጥሶ ወጥቶ ጎረቤት ድርጅት ላይ ወደቀ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ ከታንኩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የጎረቤት ሰዎች ነበሩ። ያው ታንክ ከአምስት ዓመት በፊትም አፍስሶ ወለሉ በከፊል ብቻ ተለውጦ ነበር፤ ያልተለወጠው የወለሉ ዙሪያ ነው የከዳው።

ከዚህ የምንወስደው ለኮምፕሬሰር ታንክም ይሠራል። ዝገት አንድ ቦታ ቀዳዳ ካወጣ ዙሪያው እንደ ወረቀት ሳስቷል ማለት ነው፤ የምታዩት ነጥብ ቀድሞ የደረሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያፈስ የአየር ታንክ አይበየድም፣ በሙጫም አይደፈንም። ይነሳል። በያጁ ጎበዝ መሆኑ እዚህ ላይ አይጠቅምም፣ የሚበይደው ጤነኛ ብረት የለውምና።

በዓመት አንድ ቀን ታንኩን ከላይ እስከ ታች እዩት። ከታች በኩል፣ በእግሮቹ ብየዳ ዙሪያና በድሬኑ አጠገብ በባትሪ ተመልከቱ። የቀለም እብጠት ካለ ከሥሩ ዝገት አለ። ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእግሮቹ ነው፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ጭነቱ እዚያ ስለሚያርፍ፤ እግሮቹ ከሥር የጎማ መቀመጫ ይኑራቸው፣ ሲሚንቶ ላይ አጥብቃችሁ አትሰሯቸው። ከተቻለ የብረት ውፍረት በአልትራሳውንድ የሚለካ ባለሙያ አምጡ፤ ታንኩን ሳይፈታ፣ ከውጭ በኩል፣ ከታች ያለው ብረት ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው ይነግራችኋል።

የግፊት ሙከራ ማድረግ ካስፈለገ በውሃ ብቻ ነው። እንደ ደረጃው ከከፍተኛው ግፊት 1.3 እስከ 1.5 እጥፍ ይጫናል። ለምን በአየር አይሆንም? ባለ 200 ሊትር ታንክ 13 ባር ላይ በአየር ቢሞላ የሚይዘው ኃይል ከ350 ኪሎ ጁል ይበልጣል፤ አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶለት በውሃ ቢሞላ ግን የውሃው ኃይል 100 ጁል እንኳ አይደርስም። ውሃ አይታመቅም፤ ታንኩ ቢሰነጠቅ ይረጫል እንጂ አይፈነዳም። “ሲሠራ የነበረ ነው፣ ትንሽ ከፍ አድርገን በራሱ አየር እንሞክረው” ከሚል ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አትቁሙ።

እንፋሎት ላላችሁ

ልብስ ማጠቢያ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታልና የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ያለው ቦይለር በዚህ መመሪያ ብቻ አይያዝም። በግፊት የጋለ ውሃ ታንኩ ሲከፈት ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፣ አንድ ሊትር ውሃም ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ ከአየር ጋር አይነጻጸርም። እዚያ ከሴፍቲ ቫልቩ እኩል የውሃ መጠን ማሳያ መስታወቱና ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ይፈተሻሉ፤ ፈታሹም የሠለጠነ ሰው ይሁን። ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቀው የሻወር ውሃ ማሞቂያም ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1982 በኦክላሆማ፣ ስፔንሰር ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈነዳው ተራ የውሃ ማሞቂያ ስድስት ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገድሏል፤ ሙቀት መቆጣጠሪያውም ሴፍቲ ቫልቩም ሥራቸውን አልሠሩም።

ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ማምከኛ) ላላቸው ክሊኒኮች አንድ ማሳሰቢያ፦ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ 1.03 ባር ገደማ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 1.3 ባር ያህል ያስፈልጋል፣ የውጭው አየር ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ። ሴፍቲ ቫልቩ ለዚህ ቦታ ካልተመረጠ ሙቀቱ ሳይደርስ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ቫልቩን ማጥበቅ ሳይሆን ለዕቃው አምራች ወይም ለወኪሉ መንገርና የሚቻለውን ከፍተኛ ግፊት ከሰሌዳው ማረጋገጥ ነው።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ታንኩ አጠገብ አንጠልጥሉ። ቀን፣ ስዊቹ የቆመበትና የተነሳበት ግፊት፣ ቫልቩ መከፈቱና መዝጋቱ፣ የውሃው ቀለም፣ የፈተሸው ሰው ፊርማ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ፊርማው የሚጠቅመው ለቁጥጥር ብቻ አይደለም፤ ሥራው የአንድ ሰው ካልሆነ የማንም አይሆንምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታውን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ አደጋ ደርሶ ጥያቄ ሲመጣ ደብተሩ ወይ ይመሰክርላችኋል ወይ ይመሰክርባችኋል።

ቫልቩ ራሱ ከተከፈተ

በሥራ መሀል ሴፍቲ ቫልቩ በድንገት ጮኾ ከተከፈተ ወደ ታንኩ አትሩጡ። ብሬከሩን ከሩቅ አውርዱ፣ ሰዉን አውጡ፣ ቫልቩ እስኪበቃው ይተንፍስ። ጩኸቱ ስላስጨነቀ ማንሻውን ለመጫን ወይም መውጫውን ለመያዝ የሚሞክር ሰው ካለ ጎትታችሁ አውጡት። ግፊቱ ወርዶ ድምፁ ሲቆም የቀረውን አየር በድሬኑ ጨርሱ።

ከዚያ ጥፋተኛውን ስትፈልጉ ከቫልቩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስዊቹን ክፈቱ፣ ነጥቦቹ ተጣብቀው እንደሆነ እዩ፤ ወደ ስዊቹ የሚሄደው ትንሽ ቱቦ በዝገት ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ሰው ቡሎኑን ነክቶት እንደሆነ ጠይቁ። ጌጁንም በሌላ ጌጅ አስተያዩ፤ ግፊቱ ሳያልፍ ቫልቩ ተከፍቶ ከሆነ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ይለወጣል። ግፊቱ አልፎ ከሆነ ግን ስዊቹ ሳይለወጥ ማሽኑ አይነሳም፤ የተከፈተውም ቫልቭ ቆሻሻ ይዞ እንዳይሆን እንደ ወርሃዊው ፍተሻ ይታያል። እንደገና ስታስነሱት አንድ ሰው ብሬከሩ አጠገብ ይቁም፣ ሌላው ጌጁን ያንብብ፣ ከዜሮ እስከ መቆሚያው ሙሉውን ዙር ሦስት ጊዜ ተከታተሉ፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ከቆመ ሥራ ይጀመር።